ሁሉም በየተራው

ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለው ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአውራጃው በመጣ ሰው፣ በበቅሎ፣ በአህያና በጭነት ይጨናነቅ ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ትርምስ ነው። ገባ ብሎ ላየው ግን ትርምሱ መልክ አለው፤ እህል ከእህል፣ ቅቤ ከቅቤ፣ በርበሬ ከበርበሬ፣ ጥጥ ከጥጥ ጋር ተሰልፏል፤ የጋማ ከብት ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። ያን ጊዜ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች በጻፏቸው ማስታወሻዎች ውስጥ ይህ የተራ አሰላለፍ ተደጋግሞ ይገኛል።

አሰላለፉ ለሁሉም ይጠቅም ነበር። ገዢው ጥቂት አሞሌ ጨው ይዞ ሲመጣ ሦስት አራት ሻጮችን ሳይደክም ያወዳድራል። ሻጩ ጎረቤቱ ስንት እንደጠራ ይሰማል። ቀረጥ የሚሰበስቡት የነጋድራሱ ሰዎችም የት እንደሚቆሙ ያውቃሉ። እህል ተራ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክፍፍል አለ። ጤፍ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሠርገኛ ነው፣ ቀይ ነው። ሠርገኛ ማለት ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ነው። ገበያው ድብልቁን ከሁለቱ ወደ አንዱ አስገድዶ አላስገባውም፤ የራሱን ስም ሰጠው፣ የራሱን ዋጋ ተመነለት። ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ የመንግሥት ቅጾች ለሰው ልጅ ይህን ያህል ሲጠነቀቁ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ከሆነም በኋላ ተራው አልቀረም። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ እየተባለ ቀጥሏል። ከሁሉም የሚገርመኝ ምናለሽ ተራ ነው። የተጣለ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ብረት፣ አሮጌ ጄሪካን፣ ማንም ስም ያላወጣለት ቁራጭ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ዓለምን በምድብ በምድብ ያስቀመጠ ማንኛውም ሥርዓት፣ የሕዝብ ቆጠራም ይሁን የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ መጨረሻ ላይ «ሌሎች» የሚል ሣጥን ያስፈልገዋል። መርካቶ ግን ትርፍራፊውን በሠንጠረዥ ግርጌ አልደበቀውም፤ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ሥራና እንጀራ አደረገው።

የሰው ልጅ ነገሮችን እንዲህ የሚመድበው ለምንድን ነው? ተፈጥሮ አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ጊዜ ስለማትሰጠን ነው። ሁለት ድመቶች አንድ አይደሉም፤ ያው ድመት ራሱ ጠዋት ከፊት ሲታይና ማታ ከኋላ ሲታይ ለዓይን የተለያየ ነው። እያንዳንዱን ነገር እንደ አዲስ እየመረመርን ብንኖር ከአልጋ ወርደን ጫማ ሳናደርግ ይመሽብናል። ስለዚህ አእምሮ ያየውን ካየው ጋር እያዛመደ ይሰበስባል። በ1993 እ.ኤ.አ. ፖል ኩዊንና ፒተር ኤይማስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሦስትና የአራት ወር ሕፃናትን ፈትነው ነበር። ለሕፃናቱ የተለያዩ ድመቶችን ሥዕል ደጋግመው ካሳዩ በኋላ አዲስ ድመትና ውሻ ጎን ለጎን አቀረቡላቸው። ሕፃናቱ ውሻውን ረዘም አድርገው ተመለከቱ። «እማ» ማለት ያልጀመረ ልጅ ድመቶቹን በአንድ ወገን ሰብስቦ ውሻውን እንግዳ አድርጎታል ማለት ነው። ምድቡ ከስሙ ይቀድማል። ስሙ በኋላ መጥቶ ይለጠፍበታል፤ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ለማላቀቅ ያስቸግራል።

ከአርስቶትል ጀምሮ ለብዙ ዘመን የታመነው፣ ምድብ ማለት ወሰኑ የታጠረ ነገር ነው የሚል ነበር። መሥፈርቱን ያሟላ ይገባል፣ ያላሟላ ይወጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤሊነር ሮሽ የተባለች የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን አናጋችው። ሰዎችን ስለ ወፎች፣ ስለ ፍራፍሬዎች፣ ስለ ቤት ዕቃዎች እየጠየቀች የትኛው «ይበልጥ» ወፍ፣ የትኛው «ይበልጥ» ፍራፍሬ እንደሆነ ደረጃ እንዲሰጡ አደረገች። ጥያቄው የማይረባ ይመስላል፤ ሰጎን ወፍ ነች ወይም አይደለችም፣ ከዚህ ወዲያ ምን ደረጃ አለው? መላሾቹ ግን አልተቸገሩም፤ መልሳቸውም በእጅጉ ይመሳሰል ነበር። ሮሽ ያሳየችው የዕለት ተዕለት ምድቦቻችን በአጥር የተከበቡ አለመሆናቸውን ነው። መሐል ላይ ሁሉም የሚስማማበት ምሳሌ ይቆማል፤ ሌላው ለእሱ በመቅረቡና በመራቁ ይለካል።

የሮሽን ሐሳብ ለመረዳት ከአራዳ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። አራዳ መጀመሪያ ቦታ ነው፤ ቆይቶ የሰው ዓይነት ሆነ። ሲኒማው፣ ቡና ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሙዚቃ ቤቱ በተሰበሰበበት አካባቢ ያደገ ልጅ «የአራዳ ልጅ» ተባለ። ከዚያ ስያሜው ከቦታው ተላቀቀና ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገውም «አራዳ ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ እዚያው አራዳ፣ ከማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ጀርባ ያደገው ደግሞ «ፋራ» ይባላል። አሁን አራዳ ማለት ምን ማለት ነው ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የማይሸወድ ይላችኋል። ሌላው አለባበስ የሚያውቅ ይላል። ሦስተኛው ጓደኛውን በችግር ጊዜ የማይከዳ፣ ሳይነገረው የሚገባው ይላል። ሁሉም የሚያሟላው አንድ መሥፈርት አይገኝም። ሆኖም «ከምታውቁት ሰው ማን አራዳ ነው?» ብትሉ ለሰከንድ ሳያመነቱ ይጠሩላችኋል። ፍቺ የለም፤ ምሳሌ ግን አለ።

ካናዳዊው ፈላስፋ ኢያን ሀኪንግ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት። ድንጋይ በየትኛው ምድብ እንደገባ አይገደውም፤ ሰው ግን ይገደዋል። የተሰጠውን ስያሜ ይሰማል፣ ይወደዋል ወይም ይጠላዋል፣ በዚያው ልክ ጠባዩን ይለውጣል፤ ጠባዩ ሲለወጥ የስያሜው ትርጉምም አብሮ ይለወጣል። የአራዳ ቋንቋ ቶሎ ቶሎ የሚታደሰው ለዚህ ነው። አዲስ ቃል ዛሬ ፒያሳ በሚባለው በአራዳ ላይ ይወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፋራ የተባለውም ይናገረዋል፤ ያን ጊዜ አራዳው ጥሎት ሌላ ይፈጥራል። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ፋራ የሚለው ቃል በማን ላይ እንደሚወድቅ ስናይ ግን ጨዋታነቱ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ትናንት ከገጠር በመጣው የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ቤት በምታገለግለው ልጅ፣ አነጋገሩ ገና በከተማው ባልተሟሸው ተማሪ ላይ ነው። እኔ ይህን ቃል እንደ ንጹሕ ቀልድ መቀበል አልችልም።

ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ሠራተኛ ሰፈር አለ። የምኒልክ ከተማ የተመሠረተችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ከመኳንንቱ ለእያንዳንዱ ቦታ ይሰጠዋል፣ አጃቢው በዙሪያው ጎጆ ይቀልሳል፣ ሰፈሩም በጌታው ስም ይጠራል። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ የሚባሉት ሰፈሮች እንዲህ የተገኙ ናቸው። ጌቶቹ ካለፉ በኋላም ስማቸው ቀረ፤ የስሙ ይዘት ግን እንዳልነበረ ሆነ። የደጃች ውቤ ሰፈር ቆይቶ «ውቤ በረሃ» ተብሎ የመጠጥ ቤትና የዘፈን ሰፈር ሆኖ ታወቀ፤ በዚያ ሲያመሽ ከነበረው ሰው ስንቱ ስለ ደጃዝማቹ ያውቅ ነበር? ሠራተኛ ሰፈር ግን የተጠራው በጌታ ስም አይደለም፤ በሙያ ነው። ለቤተ መንግሥት የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው።

በዚያ ዘመን የእጅ ባለሙያ ቢጠቅምም አይከበርም ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ እየተባለ ይጠራል፤ ጠሪው ሙያውን ለመግለጽ ብቻ አይጠራውም፣ ሊያዋርደው ነው። ከዚያም አልፎ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ነው ተብሎ ይጠረጠራል፣ በጋብቻ ይገለላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሠራተኛውን በሥራው መሳደብ ይቅር፤ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ነጋዴውም፣ አራሹም፣ ጸሐፊውም በሙያው አይሰደብ፤ የተሳደበ ይቀጣል የሚል ነው። የአዋጁ ምክንያት ከቅጣቱ ይልቅ ይስበኛል። ብልሃት ያለውን ሰው እየሰደባችሁ ሥራውን ካስተዋችሁት አገሪቱ ባዶ ትቀራለች ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ያዩት የስያሜን ዋጋ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ የተለጠፈ ቃል ማረሻና ዶማ የሚሠራ እጅ ሊያሳጣ እንደሚችል ገብቷቸዋል።

አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። አንጥረኛ የሠራውን ቀለበት ለሠርጋቸው የሚመርጡ ጥንዶች ግን ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ፊት ለብዙ ዓመታት ቆመዋል። ወርቁ በምድብ ነው የሚሸጠው። 18 ካራት ከሆነ ከመቶ 75 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 21 ካራት ከሆነ 87.5። የተጠራጠረ ሰው ማስፈተን ይችላል፤ ወርቁ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ይታሻል፣ አሲድ ይነካል፣ ውሸት ከሆነ ይጋለጣል። አንጥረኛውን ቡዳ ያለው ሰው ግን የሚፈተንበት ድንጋይ አልነበረም። አንድን ምድብ ስናይ መጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባን ይህን ይመስለኛል፤ ሐሰት ቢሆን በምን ይታወቃል? ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ስያሜው የተሰጠው ሰው «አይደለሁም» ቢል የሚሰማው አለ? የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። መመደብ ኃጢአት አይደለም፣ ያለ እሱ መኖርም አይቻልም። ጉዳት የሚጀምረው ተመዳቢው አፉ ሲዘጋ ነው።

በከተማችን ታርጋ መለጠፍ የሚባለው አነጋገር ከመኪና የመጣ ነው። ለብዙ ዓመታት ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት እየተባለ ሰሌዳው በቀለም ተለይቷል። ትራፊኩ ከሩቅ አይቶ ያውቃል፤ የመኪናው ባለቤት ሥራ ሲቀይር ኮዱን ማስቀየር ይችላል። ሰው ላይ የተለጠፈን ታርጋ የት ሄደው ይቀይሩታል?

ሰውን በስያሜ መከፋፈል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጀመር ያሳየው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል ነው። ታጅፌል ፖላንድ ውስጥ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሆኖ በጀርመኖች ተማረከ። እንደ ፈረንሳይ ምርኮኛ በመያዙ ተረፈ፤ ፖላንድ የቀረው ቤተሰቡ አለቀ። በሌላ ስም ቢመዘገብ የእሱም ዕጣ ያው ነበር። በኋላ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪ ልጆችን ሰብስቦ የሁለት ሠዓሊዎችን፣ የክሌንና የካንዲንስኪን፣ ሥዕሎች አሳያቸውና የትኛውን እንደሚመርጡ ጠየቀ። ከዚያ «አንተ የክሌ ወገን ነህ፣ አንተ የካንዲንስኪ» አላቸው። በእርግጥ ልጆቹ የተከፈሉት በዕጣ ነበር። እርስ በርስ አይተያዩም፣ ማን ከማን ጋር እንደተመደበ አያውቁም። ገንዘብ አካፍሉ ሲባሉ ግን ለራሳቸው ወገን አደሉ። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ የራሳቸው ወገን የሚያገኘው አንሶም ቢሆን ከሌላው ወገን የሚበልጥበትን ክፍፍል መረጡ። ጥናቱ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙዎችን አስደንግጧል። ጠላትነት የቆየ ቂም ወይም የመሬት ክርክር ይፈልጋል ብለን ነበር። ስም ብቻም ይበቃው ኖሯል።

ይህ በሥዕል የተፈተነው ነገር ከዚያ በፊት አራዳ ላይ በሕግ ተፈጽሟል። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ከተማዋን በዘር ከፍሎ ሊሠራት ተነሣ። መሐሉ የነጮች ይሆናል፤ የአገሬው ሰውና ገበያው ወደ ምዕራብ ይሄዳል። መርካቶ የተወለደው ከዚህ ዕቅድ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሮም ላይ የወጣ ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ ከአፍሪካ ተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። አብረው የሚኖሩ ሰዎች ግን ሞልተው ነበር፤ ልጆችም ተወልደዋል። ሕጉ ማንንም አላጠራም፤ የነበረውን ቤተሰብ ወንጀል አደረገው እንጂ። ወረራው አምስት ዓመት ቆይቶ አበቃ፤ የሰፈሩ ስም ግን ፒያሳ ሆኖ ቀረ። በኋላ አደባባዩ በፈረንሳዩ መሪ በደጎል ስም ተሰይሟል፤ የታክሲ ረዳቱ ግን እስከ ዛሬ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ነው የሚለው። ሕዝቡ የወራሪውን ቃል ወስዶ የወራሪውን አጥር አፍርሶ የሁሉ መገናኛ አደረገው።

በዚሁ አካባቢ የኖሩትን አርመኖች ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። የአገሩን መዝሙር የሠራ ሰው ምን ይባላል? የውጭ አገር ሰው? በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ጊዜ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ ተወልደው፣ አማርኛ እንደ ማንኛውም የፒያሳ ልጅ እየተናገሩ፣ ዘወትር «አርመኑ» ተብለው የሚጠሩ ነበሩ። ጠሪው አብዛኛውን ጊዜ በፍቅር ነው የሚጠራው። ቢሆንም በፍቅር የተሰጠ ስያሜም ሰውን ደጅ ላይ ሊያቆም ይችላል።

ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ቀበሌ መጣ። ቤቶቹ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ነዋሪው መታወቂያ ያዘ። በመታወቂያው ላይ ለዓመታት «ብሔር» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ወይም ሠራተኛ ሰፈር ያደገ፣ አባቱ ከጉራጌ፣ እናቱ ከሸዋ ኦሮሞ፣ አያቱ ከጎንደር የሆነ ልጅ እዚያች መስመር ላይ ምን ይጻፍ? ብዙውን ጊዜ የአባት ይጻፋል፣ የቀረው ይጠፋል። መዝጋቢው ክፋት አላሰበም፤ ሰፋ ያለ መስመር አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ ተመዳቢው ራሱ የተጠየቀበትን አንድ ጉዳይ ማንሳት ተገቢ ነው። ስልጤ ለረጅም ጊዜ በጉራጌ ውስጥ ይቆጠር ነበር። «አይደለንም፣ ራሳችንን የቻልን ነን» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና ከፍተኛው ድምፅ ለራሱ ማንነት ሆነ። ስልጤ ዞን ተባለ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራም በራሱ ስም ተቆጠረ። በጉዳዩ ቅር የተሰኘ አለ፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ስለ ስያሜው በኮሮጆ ድምፅ የሰጠበት አጋጣሚ በዓለምም ብዙ አይደለም።

አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ አሻራና የዓይን ምስል ይወስዳል፤ ብሔር አይጠይቅም። ደግ ሥራ ነው እላለሁ። መታወቂያ በየደጁ፣ በየኬላው የሚታይ ነገር ነው፤ በኬላ ላይ የሚያስፈልገው ሰውየው እሱ መሆኑ ብቻ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ግን ሌላ ነው። ማን ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ማን የት እንደሚኖር ሳይታወቅ ትምህርት ቤትም በጀትም ማቀድ አይቻልም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ጨርሶ እንሰርዘው አልልም።

የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ተከታዩ ደጋግሞ ተራዝሟል። አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርምና ቅጹን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንድ ነገር እንዲያስቡበት እወዳለሁ። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ቆጠራ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘር ምልክት እንዲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደች፤ 6.8 ሚሊዮን ሰው፣ ከመቶ 2.4 ገደማ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ መረጠ። እኛም ቆጣሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠይቅ፣ የፈለገ ሰው የአባቱንም የእናቱንም ጠርቶ ሁለቱም እኩል እንዲጻፉለት ማድረግ እንችላለን። የብሔሮቹ ቁጥር ሲደመር ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል፤ መቶኛውም ከመቶ ያልፋል። ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህ አዲስ ችግር አይደለም፤ ከሠንጠረዡ ግርጌ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጽፍለታል።